የሂሳብ አያያዝ ሁለተኛ ዲግሪ ለወረዳ የፋይናንስ ባለሙያ ያለው ፋይዳ

ውጫሌ በደቡብ ወሎ ዞን የአምባሰል ወረዳ ዋና ከተማ ስትሆን ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ ትገኛለች። በኢትዮጵያ ታሪክ ስሟ በይበልጥ የሚነሳው ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በዳግማዊ አጼ ምኒልክና በኢጣልያ መንግስት መካከል በተፈረመው የውጫሌ ውል ነው። የውሉ አንቀጽ 17 በአማርኛና በኢጣልያንኛ የተለያየ ትርጉም ይዞ በመገኘቱ በመጨረሻ ለአድዋ ጦርነት ምክንያት መሆኑ ይታወቃል። ከውሉ ቀጥሎ በ1882 ዓ.ም. መስከረም ወር በኢጣልያ በተፈረመው ተጨማሪ ስምምነት ኢትዮጵያ የሐረርን የጉምሩክ ገቢ በዋስትና በማስያዝ የአራት ሚሊዮን ሊሬ ብድር እንድታገኝ ተደርጎ ነበር። በመሆኑም የውጫሌ ስም ከዲፕሎማሲ ባሻገር ከመንግስት ገንዘብ ጋርም የተያያዘ ነው። የአንድ ሰነድ ሁለት ቅጂዎች አለመስማማት ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል ከዚህ የበለጠ አስረጂ አይገኝም። መዝገብን ከመዝገብ፣ ሰነድን ከሰነድ ማስታረቅ ደግሞ የሂሳብ ሙያ ዋነኛ ተግባር ነው።

ዛሬ በውጫሌም ሆነ በሌሎች የወረዳ ከተሞች በመንግስት ፋይናንስ ሥራ ላይ የተሰማሩ በርካታ ባለሙያዎች በሂሳብ አያያዝ የመጀመሪያ ዲግሪ ያላቸው ሲሆን፣ ትምህርታቸውን ወደ ሁለተኛ ዲግሪ ለማሳደግ ይፈልጋሉ። ይህ ጽሁፍ ትምህርቱ ምን እንደሚያስተምር፣ የት እንደሚሰጥ፣ ለመግባት ምን እንደሚጠይቅ፣ ለባለሙያውና ለሚሰራበት መስሪያ ቤት ምን ጥቅም እንደሚያስገኝና ምን እንደማያስገኝ ይዳስሳል።

የሙያው ትምህርት አጀማመር

በኢትዮጵያ ዘመናዊ የሂሳብ ትምህርት በተደራጀ መልኩ መሰጠት የጀመረው በ1935 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተከፈተው የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ነው። ይህ ተቋም የሂሳብ ሠራተኞችን፣ ጸሐፊዎችንና የቢሮ ባለሙያዎችን በማፍራት ለረጅም ዓመታት ለመንግስት መስሪያ ቤቶችና ለባንኮች የሰው ኃይል ሲያቀርብ ቆይቷል። በ1955 ዓ.ም. በያኔው ቀዳማዊ ኃይለሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የንግድ ሥራ አስተዳደር ኮሌጅ መቋቋሙ ሙያው ወደ ዲግሪ ደረጃ እንዲሸጋገር አስችሏል። የንግድ ሥራ ትምህርት ቤቱም ኋላ ወደ ኮሌጅነት አድጎ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ተጠቃሏል።

በ1987 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሲቪል ሰርቪስ ኮሌጅ መቋቋሙ ደግሞ ለክልሎች ልዩ ትርጉም ነበረው። በኋላ ወደ ዩኒቨርሲቲነት ያደገው ይህ ኮሌጅ በሥራ ላይ ያሉ የመንግስት ሠራተኞችን ከየክልሉ በመቀበል በሕግ፣ በኢኮኖሚክስና በሂሳብ አያያዝ ማሰልጠን ጀመረ። ከ1990ዎቹ ወዲህም የዩኒቨርሲቲዎች ቁጥር በመጨመሩ የሂሳብ አያያዝና ፋይናንስ የትምህርት ክፍል በየዩኒቨርሲቲው ከሚከፈቱት ቀዳሚ መስኮች አንዱ ሊሆን በቅቷል። የዚህ መስፋፋት ውጤት ግልጽ ነው። በ1980ዎቹ የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው የሂሳብ ባለሙያ በወረዳ ደረጃ ማግኘት አስቸጋሪ የነበረ ሲሆን፣ ዛሬ ግን የመጀመሪያ ዲግሪ ብዙዎች የሚጋሩት መነሻ ሆኗል። በመሆኑም የሁለተኛ ዲግሪ ፍላጎት እየጨመረ መጥቷል።

የወረዳ ሂሳብ ከነጠላ ወደ ሁለትዮሽ መዝገብ

የሁለተኛ ዲግሪን ጠቀሜታ ለመመዘን በቅድሚያ የወረዳ ፋይናንስ ሥራ እንዴት እንደተለወጠ ማየት ያስፈልጋል። በ1994 ዓ.ም. በተጀመረው የወረዳ ያልተማከለ አስተዳደር መሠረት ክልሎች የጥቅል በጀት ድጎማ ለወረዳዎች መስጠት ጀመሩ። ከዚያ በፊት በጀታቸው በዞንና በክልል ይወሰን የነበሩ ወረዳዎች ለትምህርት፣ ለጤና፣ ለግብርናና ለአስተዳደር የሚውለውን ገንዘብ ራሳቸው መደልደል፣ ማውጣትና መዝግቦ ማወራረድ ግዴታቸው ሆነ።

ከዚሁ ጋር ተያይዞ በሲቪል ሰርቪስ ማሻሻያ ፕሮግራም የወጪ አስተዳደርና ቁጥጥር ንዑስ ፕሮግራም አማካይነት የመንግስት የሂሳብ አያያዝ ከነጠላ የአመዘጋገብ ዘዴ ወደ ሁለትዮሽ የአመዘጋገብ ዘዴ ተሸጋገረ። ሂሳቡ የሚያዝበት መሠረትም የተሻሻለ የጥሬ ገንዘብ መሠረት የሚባለው ሆነ። በአሜሪካው ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ አማካይነት ሲካሄድ የነበረውና እስከ 2000 ዓ.ም. የዘለቀው ያልተማከለ አስተዳደር ድጋፍ ፕሮጀክት ለዚህ ሽግግር ሥርዓቱን በመቅረጽና ሠራተኞችን በማሰልጠን ከፍተኛ ድርሻ ነበረው። አይቤክስ በመባል የሚታወቀው የተቀናጀ የበጀትና የወጪ መረጃ ሥርዓትም የዚሁ ማሻሻያ ውጤት ነው።

በወረዳ ደረጃ እያንዳንዱ ጽህፈት ቤት የራሱን የሂሳብ ክፍል ከማቋቋም ይልቅ በፑል፣ ማለትም በአንድ ማዕከል፣ የበርካታ ጽህፈት ቤቶች ሂሳብ በጋራ እንዲያዝ ተደረገ። የዚህ አሰራር ምክንያት ቀላል ነው። የሂሳብ ባለሙያ እጥረት በነበረበት ወቅት ጥቂት ባለሙያዎችን በአንድ ቦታ አሰባስቦ ማሰራት በየጽህፈት ቤቱ ከመበተን የተሻለ ነበር።

ከዚህ ተሞክሮ የሚገኘው ቁም ነገር ማሻሻያው የተመሰረተው በከፍተኛ ዲግሪ ሳይሆን ግልጽ በሆነ መመሪያ፣ ወጥ በሆነ የሂሳብ መደብና በተደጋጋሚ የሥራ ላይ ሥልጠና መሆኑ ነው። ሠራተኛ ሲለቅ ተተኪው በአጭር ጊዜ ሰልጥኖ ሥራውን እንዲቀጥል ተደርጎ የተነደፈ ነበር። ስለሆነም በወረዳ ፋይናንስ የዕለት ተዕለት ምዝገባን ለማከናወን ሁለተኛ ዲግሪ ቅድመ ሁኔታ አይደለም። የዲግሪው ጠቀሜታ ጎልቶ የሚታየው ከምዝገባ ቀጥሎ በሚመጡት ተግባራት፣ ማለትም በትንተና፣ በውስጥ ቁጥጥር ግምገማ፣ በኦዲት፣ በበጀት ዝግጅትና የሥራ ኃላፊዎችን በማማከር ነው።

ሁለት የሂሳብ አያያዝ ሥርዓቶች

ወደ ሁለተኛ ዲግሪ የሚገባ የመንግስት ሠራተኛ በቅድሚያ ሊገነዘበው የሚገባ ነጥብ አለ። ዩኒቨርሲቲዎች በአብዛኛው የሚያስተምሩት የሂሳብ አያያዝና ወረዳው በየዕለቱ የሚሰራበት የሂሳብ አያያዝ አንድ አይደሉም።

ልዩነቱን በምሳሌ ማሳየት ይቻላል። አንድ የወረዳ ጽህፈት ቤት በ500 ሺህ ብር ኮምፒዩተሮችን ገዛ እንበል። በመንግስት የተሻሻለ የጥሬ ገንዘብ መሠረት ክፍያው በተፈጸመበት የበጀት ዓመት ሙሉ 500 ሺህ ብሩ በቋሚ ንብረት ግዥ የሂሳብ መደብ ወጪ ሆኖ ይመዘገባል። ኮምፒዩተሮቹም በሞዴል 19 ገቢ፣ ለተጠቃሚው ሲሰጡ በሞዴል 22 ወጪ እየሆኑ በንብረት መዝገብ ይያዛሉ። በሚቀጥለው ዓመት በሂሳብ ሪፖርቱ ላይ የእነዚህ ንብረቶች የእርጅና ቅናሽ አይታይም። ተመሳሳይ ግዥ የፈጸመ ባንክ ግን ንብረቱን በሀብትነት መዝግቦ፣ የአገልግሎት ዘመኑ አምስት ዓመት ነው ቢባል፣ በየዓመቱ 100 ሺህ ብር የእርጅና ቅናሽ ይይዛል።

ሌላው ልዩነት ገቢና ወጪ የሚታወቁበት ጊዜ ነው። የንግድ ድርጅት ገቢው የተገኘበትንና ወጪው የተከሰተበትን ጊዜ መሠረት በማድረግ ይመዘግባል። በመንግስት ሂሳብ ግን መነሻው ገንዘቡ የተሰበሰበበትና የተከፈለበት ጊዜ ሲሆን፣ እንደ ደመወዝና የችሮታ ጊዜ ተከፋይ ሂሳብ ያሉት በልዩ ሁኔታ ይታያሉ። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ቀን ሲዘጋ ዕቃው ወይም አገልግሎቱ ቀርቦ ክፍያው ያልተጠናቀቀ ግዴታ የሚስተናገደው በዚሁ የችሮታ ጊዜ ነው።

በንግዱ ዘርፍ ያለውን አሰራር የለወጠው የፋይናንስ ሪፖርት አዘገጃጀትና አቀራረብ አዋጅ ቁጥር 847/2006 ነው። አዋጁ ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት አቀራረብ ደረጃዎች፣ በተለምዶ አይ ኤፍ አር ኤስ የሚባሉት፣ በኢትዮጵያ ተግባራዊ እንዲሆኑ ያደረገ ሲሆን፣ አፈጻጸሙን የሚቆጣጠር የኢትዮጵያ የሂሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድም ተቋቁሟል። በዚህም መሠረት ባንኮችና የመድን ድርጅቶች ሰኔ 30 ቀን 2010 ዓ.ም. ከተጠናቀቀው የበጀት ዓመት ጀምሮ ሂሳባቸውን በደረጃዎቹ መሠረት ማቅረብ ጀምረዋል። የሁለተኛ ዲግሪ ሥርዓተ ትምህርቶችም ትኩረታቸውን ወደዚሁ አዙረዋል።

ይህ ለመንግስት ሠራተኛው ሁለት ትርጉም አለው። በአንድ በኩል ትምህርቱ ከዕለት ሥራው የራቀ ሊመስለው ይችላል። በሌላ በኩል ደግሞ ዓለም አቀፍ የመንግስት ዘርፍ የሂሳብ አያያዝ ደረጃዎች ከአይ ኤፍ አር ኤስ ጋር የቅርብ ዝምድና ያላቸው በመሆናቸው፣ የመንግስት ሂሳብ ወደፊት ወደ እነዚህ ደረጃዎች ሲሸጋገር በሁለቱም ሥርዓቶች የሚያስብ ባለሙያ ተፈላጊ ይሆናል። የወረዳውን ቋሚ ንብረት ቆጥሮ ዋጋ መተመን፣ ተሰብሳቢና ተከፋይ ሂሳብን ማጥራት፣ የመነሻ ሚዛን ማዘጋጀት ዲግሪው በቀጥታ የሚያገለግልባቸው ሥራዎች ናቸው።

የትምህርቱ ይዘት

በሂሳብ አያያዝና ፋይናንስ የሚሰጠው ሁለተኛ ዲግሪ በአብዛኛው በመደበኛ መርሐ ግብር ሁለት ዓመት ይፈጃል። በተከታታይ ትምህርት፣ በተለይም በቅዳሜና እሁድ ሲሰጥ፣ ጊዜው ሊረዝም ይችላል። የኮርሶቹ ስያሜ ከዩኒቨርሲቲ ዩኒቨርሲቲ ቢለያይም ከፍተኛ የፋይናንስ ሂሳብ አያያዝና ሪፖርት፣ የወጪና የሥራ አመራር ሂሳብ፣ ኦዲት፣ የድርጅት ፋይናንስ፣ የምርምር ዘዴና የስታቲስቲክስ ትንተና በአብዛኞቹ ውስጥ ይገኛሉ። የኮርስ ትምህርቱ እንደተጠናቀቀ ተማሪው የመመረቂያ ጥናት አዘጋጅቶ በመምህራን ፊት ይከላከላል።

የመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርት የአመዘጋገብ ሥርዓትን ያስተምራል። ሁለተኛው ዲግሪ ግን የአመዘጋገቡን ምክንያትና የሪፖርቱን ትርጉም መመርመር ይጠይቃል። ስለሆነም ረጅም የሥራ ልምድ ያላቸው ባለሙያዎች ብዙውን ጊዜ የሚቸገሩት በሂሳብ ኮርሶች ሳይሆን በስታቲስቲክስና በእንግሊዝኛ የጥናት ጽሁፍ አዘገጃጀት ነው። ከምዝገባ በፊት በእነዚህ ሁለት መስኮች ራስን ማዘጋጀት ጊዜን ይቆጥባል።

የመግቢያ መስፈርት

ለመግባት በቅድሚያ የሚያስፈልገው በመስኩ ወይም በተቀራራቢ መስክ የተገኘ የመጀመሪያ ዲግሪ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ዕጩ ተመራቂዎች የመውጫ ፈተና እንዲወስዱ የተደረገ ሲሆን፣ ለድህረ ምረቃ አመልካቾችም በትምህርት ሚኒስቴር አማካይነት አገር አቀፍ የመግቢያ ፈተና ተግባራዊ ሆኗል። ፈተናው የቋንቋ፣ የአመክንዮና የቁጥር ችሎታን የሚመዝን በመሆኑ ከተመረቁ ዓመታት ያለፏቸው ሠራተኞች ያለ ዝግጅት ሊቀርቡበት አይገባም።

ከዚህ በተጨማሪ አመልካቹ የዲግሪውን የምስክር ወረቀት ከማቅረቡም በላይ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ከተማረበት ተቋም በቀጥታ ወደሚያመለክትበት ዩኒቨርሲቲ ማስላክ ይጠበቅበታል። በመንግስት ወጪ የሚማር ከሆነ ደግሞ ከመስሪያ ቤቱ የስፖንሰርነት ደብዳቤ ያስፈልገዋል። በየዓመቱ በርካታ አመልካቾች ዕድሉ የሚያልፋቸው በችሎታ ማነስ ሳይሆን እነዚህን ሰነዶች በወቅቱ ባለማሟላት በመሆኑ ሂደቱን ከማመልከቻው ወራት ቀደም ብሎ መጀመር ይመከራል።

በግል ተቋማት ለመማር የሚያስቡ ሠራተኞች ተቋሙ በአጠቃላይ ብቻ ሳይሆን በሚማሩበት የትምህርት መስክ፣ በዲግሪው ደረጃና በሚማሩበት ካምፓስ እውቅና ያለው መሆኑን ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ማረጋገጥ ይኖርባቸዋል። አንድ ተቋም በመጀመሪያ ዲግሪ ያገኘው እውቅና ለሁለተኛ ዲግሪ አያገለግልም፤ በአንድ ከተማ ያገኘው ፈቃድም ለሌላው ከተማ ቅርንጫፍ አይተላለፍም። በውጭ አገር ተቋም በርቀት የተገኘ ዲግሪም በዚሁ ባለሥልጣን የአቻ ግምት ካልተሰጠው በመንግስት መስሪያ ቤት ለደረጃ ዕድገት ማቅረብ አስቸጋሪ ይሆናል።

ከውጫሌ ተነስቶ የት መማር ይቻላል?

ውጫሌ በደሴና በወልድያ መካከል መገኘቷ ለትምህርት ፈላጊው መልካም አጋጣሚ ነው። በስተደቡብ በ2000 ዓ.ም. ተማሪዎችን መቀበል የጀመረው ወሎ ዩኒቨርሲቲ በደሴና በኮምቦልቻ ካምፓሶች አሉት። በስተሰሜን ደግሞ በ2004 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ይገኛል። በክልሉ የባህር ዳርና የጎንደር ዩኒቨርሲቲዎች በሂሳብ አያያዝና ፋይናንስ ሁለተኛ ዲግሪ በመስጠት የቆየ ልምድ አላቸው። በአዲስ አበባም አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የኢትዮጵያ ሲቪል ሰርቪስ ዩኒቨርሲቲ ይጠቀሳሉ። እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ በየዓመቱ የሚከፍታቸው መርሐ ግብሮች የሚለያዩ በመሆኑ የዓመቱን ማስታወቂያ መከታተል ተገቢ ነው።

የቅርቡን ዩኒቨርሲቲ መምረጥ ሠራተኛው ከሥራውና ከቤተሰቡ ሳይለይ እንዲማር ያስችለዋል። ይሁን እንጂ የጉዞው ሁኔታ በጥንቃቄ ሊታይ ይገባል። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ በሰሜኑ ጦርነት ወቅት ደሴና ኮምቦልቻ ተይዘው በነበረበት ጊዜ በወሎ ዩኒቨርሲቲ ላይ ጉዳት ደርሶ ትምህርት ተቋርጦ እንደነበር ይታወሳል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ የተከሰተው ግጭትም በተለያዩ ጊዜያት የመንገድ እንቅስቃሴን አስተጓጉሏል። በየሳምንቱ መጨረሻ በመመላለስ ለመማር ያቀደ ሠራተኛ መንገድ ሲዘጋ ያመለጠ ክፍለ ጊዜና ፈተና እንዴት እንደሚካካስ፣ ትምህርትን ለጊዜው አቋርጦ በሌላ ዓመት መቀጠል የሚቻልበትን ደንብም ጭምር ከዩኒቨርሲቲው አስቀድሞ መረዳት አለበት።

ዲግሪና የሙያ ፈቃድ

ብዙዎች የሚያደናግሩት ጉዳይ የአካዳሚክ ዲግሪና የሙያ ፈቃድ ልዩነት ነው። ሁለተኛ ዲግሪ ያለው ሰው በዲግሪው ብቻ የተፈቀደለት ኦዲተር አይሆንም። በአዋጅ ቁጥር 847/2006 መሠረት ለሕዝብ የኦዲትና የሂሳብ አገልግሎት የሚሰጡ ባለሙያዎችን የመመዝገብና የመቆጣጠር ሥልጣን የተሰጠው ለኢትዮጵያ የሂሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ ሲሆን፣ ለዚህም የሙያ ብቃት ማረጋገጫና የሥራ ልምድ ያስፈልጋል።

በኢትዮጵያ በስፋት ከሚታወቁት ዓለም አቀፍ የሙያ ማረጋገጫዎች አንዱ መቀመጫውን በእንግሊዝ ያደረገው ኤ ሲ ሲ ኤ የተባለው የሂሳብ ባለሙያዎች ማኅበር የሚሰጠው ነው። የማኅበሩ ነባር መርሐ ግብር 13 ፈተናዎችንና የሦስት ዓመት የሥራ ልምድን የሚጠይቅ ሲሆን፣ ቀደም ሲል ዲግሪ ላላቸው ከተወሰኑት ፈተናዎች ነጻ የሚሆኑበት ዕድል ይሰጣል። ፈተናዎቹ የሚከፈሉት በውጭ ምንዛሪ መሆኑ ለመንግስት ሠራተኛ ከባድ ነው። በሌላ በኩል ተማሪው በአንድ ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ፈተና እየወሰደ ከሥራው ሳይለይ መቀጠል ይችላል።

የሌሎች አገሮች ልምድም ልዩነቱን ያሳያል። በአሜሪካ የሕዝብ ሂሳብ አዋቂ ፈቃድ ለማግኘት አብዛኞቹ ግዛቶች ለብዙ ዓመታት 150 የዩኒቨርሲቲ ክሬዲት ሰዓት ሲጠይቁ ቆይተዋል። የመጀመሪያ ዲግሪ 120 ገደማ ብቻ በመሆኑ በርካታ ተማሪዎች ሁለተኛ ዲግሪ የሚይዙት ቀሪውን ለማሟላት ነው። በቅርብ ዓመታት ግን አንዳንድ ግዛቶች ተጨማሪ የሥራ ልምድን በአማራጭነት መቀበል ጀምረዋል። በኢትዮጵያ ደግሞ ሁለተኛ ዲግሪው በአብዛኛው የሚያገለግለው ለደረጃ ዕድገት፣ ለመምህርነትና ለአመራር ቦታ ውድድር ነው። ስለዚህ ግቡ የግል ኦዲት ድርጅት መክፈት የሆነ ሰው የሙያ ማረጋገጫውን፣ ግቡ በመንግስት መዋቅር ውስጥ ማደግ ወይም ማስተማር የሆነ ሰው ደግሞ ሁለተኛ ዲግሪውን ቢያስቀድም ይመረጣል።

ደመወዝ፣ ዕድገትና የውል ግዴታ

በ2010ዎቹ መጀመሪያ ተግባራዊ በሆነው የነጥብ የሥራ ምዘናና ደረጃ አወሳሰን ዘዴ መሠረት ደረጃና ደመወዝ የሚወሰኑት በሠራተኛው የትምህርት ደረጃ ሳይሆን በተመደበበት የሥራ መደብ ክብደት ነው። በመሆኑም አንድ የሂሳብ ባለሙያ ሁለተኛ ዲግሪ ይዞ ወደ ቀድሞ የሥራ መደቡ ቢመለስ ዲግሪው ብቻውን ደመወዙን አይጨምርለትም። ጥቅሙ የሚገኘው ዲግሪው ለሚጠየቅበት ወይም ብልጫ ለሚያስገኝበት ከፍተኛ የሥራ መደብ ተወዳድሮ ሲያልፍ ነው። ይህን ሳይረዱ ብድር ገብተው ወይም የቤተሰብ ሀብት ሸጠው የሚማሩ ሠራተኞች ከምረቃ በኋላ ቅሬታ ውስጥ ሊገቡ ይችላሉ። ከመመዝገብ በፊት በወረዳው፣ በዞኑና በክልሉ መዋቅር ዲግሪውን የሚጠይቁ የሥራ መደቦችን ከሰው ኃይል አስተዳደር ጠይቆ ማወቅ ይገባል።

በመንግስት ወጪ የሚማር ሠራተኛ ከመስሪያ ቤቱ ጋር ውል ይፈርማል። ውሉ በአብዛኛው የትምህርት ጊዜውን፣ በትምህርት ላይ እያለ የሚከፈለውን ደመወዝና ከትምህርት በኋላ የሚያገለግልበትን ዘመን ይወስናል። ሠራተኛው የአገልግሎት ዘመኑን ሳይጨርስ ቢለቅ የወጣውን ወጪ የመመለስ ግዴታ ይኖርበታል። የውሉን እያንዳንዱን አንቀጽ ሳያነቡ መፈረም በኋላ ዋስ የሆኑ የሥራ ባልደረቦችን ጭምር ለችግር ይዳርጋል።

ለመስሪያ ቤቱ ደግሞ ትልቁ ስጋት የሰለጠነ ባለሙያ ፍልሰት ነው። የሂሳብ ሙያ ከመንግስት ውጭ ሰፊ ገበያ አለው። የንግድ ባንኮች፣ ከአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም ያደገው ጸደይ ባንክ፣ የኅብረት ሥራ ዩኒየኖችና መንግስታዊ ያልሆኑ ድርጅቶች ሁሉ ይፈልጉታል። ባለሙያ ሲለቅ ወረዳው የሚያጣው አንድ ሰው ብቻ አይደለም። ያልተወራረደ ተሰብሳቢ ሂሳብ የማን እንደሆነ፣ የባንክ ማስታረቂያው ልዩነት ከየት እንደመጣ፣ የቆየው የኦዲት ግኝት በምን ሰነድ እንደሚዘጋ የሚያውቅ ሰው አብሮ ይሄዳል። ይህ ክፍተት በኦዲት ወቅት ጎልቶ የሚታይ ሲሆን፣ ተጠያቂነቱም በተተኪው ባለሙያና በጽህፈት ቤቱ ኃላፊ ላይ ያርፋል።

ችግሩን በውል ግዴታ ብቻ መፍታት አይቻልም። ሠራተኛው ወደ ትምህርት ሲሄድ በእጁ ያለው ሂሳብ ተጣርቶ በጽሁፍ ርክክብ መፈጸም፣ ሲመለስ ደግሞ ዕውቀቱን ሊጠቀምበት በሚችል የሥራ መደብ እንዲወዳደር ዕድል መስጠት ያስፈልጋል። ሁለት ዓመት ተምሮ የተመለሰ ባለሙያ እንደቀድሞው ደረሰኝ በማደራጀት ብቻ እንዲወሰን ከተደረገ የአገልግሎት ዘመኑን ቆጥሮ መልቀቁ አይቀርም።

የመመረቂያ ጥናት ለወረዳው

ለወረዳውና ለተማሪው የጋራ ጥቅም ሊሆን የሚችለው አንዱ ጉዳይ የመመረቂያ ጥናት ርዕስ ነው። ብዙ ተማሪዎች የባንኮችን ትርፋማነት የሚወስኑ ምክንያቶች በሚል ዙሪያ የሚያጠኑት መረጃው በዓመታዊ ሪፖርት ታትሞ ስለሚገኝ ነው። ጥናቱ ለዲግሪ ቢያበቃም ለወረዳው የሚጨምረው ነገር አነስተኛ ነው።

በአንጻሩ በወረዳ ፋይናንስ በርካታ ያልተዳሰሱ ጥያቄዎች አሉ። የካፒታል በጀት በበጀት ዓመቱ የመጨረሻ ወር ለምን ተከማችቶ ይወጣል? የፑል አሰራር የየጽህፈት ቤቶቹን ኃላፊዎች በራሳቸው በጀት ላይ ያላቸውን ቁጥጥር አጠናክሯል ወይስ አላልቷል? የውስጥ ኦዲት ግኝቶች ስንቶቹ እርምት ይወሰድባቸዋል፣ የቀሩትስ ለምን ሳይታረሙ ይዘልቃሉ? በጦርነትና በግጭት ወቅት ሰነድ የወደመበት መስሪያ ቤት ሂሳቡን በምን ማስረጃ መልሶ ያቋቁማል? የመጨረሻው ጥያቄ በተለይ በደቡብና በሰሜን ወሎ ለሚገኙ ወረዳዎች ተግባራዊ ፋይዳ ያለው ነው።

መስሪያ ቤቱ የጥናቱን ርዕስ ከተማሪው ጋር ተመካክሮ ቢወስን፣ መረጃ እንዲያገኝ የትብብር ደብዳቤ ቢሰጥና የጥናቱን ውጤት በማኔጅመንት ስብሰባ ቢያዳምጥ ለትምህርቱ ያወጣውን ወጪ ገና ተማሪው ሳይመረቅ መመለስ ይጀምራል። ተማሪውም በበኩሉ በሥራ አጋጣሚ ያገኘውን መረጃ ለጥናት ከመጠቀሙ በፊት ፈቃድ መጠየቅና የግለሰቦችን ስም ከመጥቀስ መቆጠብ ይኖርበታል።

ማጠቃለያ

በአጠቃላይ የሂሳብ አያያዝ ሁለተኛ ዲግሪ ለወረዳ የፋይናንስ ባለሙያ የሚሰጠው ጥቅም አስቀድሞ በሚወሰን ግብ ላይ የተመሰረተ ነው። ለዕለት ምዝገባ መመሪያውንና የሂሳብ መደቡን ጠንቅቆ ማወቅ፣ ለግል የኦዲት ሥራ የሙያ ማረጋገጫ፣ ለትንተና፣ ለቁጥጥርና ለአመራር ደግሞ ሁለተኛ ዲግሪው ተገቢ መንገዶች ናቸው። ሠራተኛው የትኛው ዩኒቨርሲቲ ይሻላል ከማለቱ በፊት ለየትኛው ሥራ እንደሚማር መወሰን፣ የተቋሙን እውቅና ማረጋገጥ፣ የውሉን ይዘት መረዳትና በመዋቅሩ ውስጥ የሚጠብቀውን የሥራ መደብ ማወቅ ይኖርበታል።

መስሪያ ቤቶችም የትምህርት ዕድልን ለሠራተኛ እንደሚሰጥ ስጦታ ብቻ ከማየት ይልቅ የትኛውን ክፍተት ለመሙላት ማንን እንደሚያስተምሩ በዕቅድ ሊወስኑ ይገባል። በወረዳ ደረጃ የሚወጣው ገንዘብ የትምህርት ቤት መማሪያ ክፍል፣ የጤና ጣቢያ መድኃኒትና የገበሬው ውሃ ነው። ይህ ገንዘብ በታሰበለት ዓላማ ላይ መዋሉን መርምሮ በማስረጃ የሚናገር ባለሙያ በውጫሌም ሆነ በሌሎች ወረዳዎች ሲገኝና ተረጋግቶ ሲሰራ ለትምህርቱ የወጣው ወጪ በሕዝብ አገልግሎት ይመለሳል።